ኢኔስን ለማየት አስራ ስድስት ሆነን ሄድን

ከአጵሎስ ጋር ብቻችንን ለመሆን የፈለግኩት ለሦስት ሰዓት ብቻ ነበር። ያገኘሁት ግን አባቴን፣ ወንጌላዊ ዱካሞንና መዘምራኑን በሙሉ ነው።

እኔ ዝማሬ እባላለሁ። ስሜ እንዲህ ይሁን እንጂ ድምፄ ስለማያምር መዘምራን ውስጥ የለሁበትም። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ ጆሃንስበርግ ዳርቻ ዲፕስሉት ባለው የአባቴ ስፓዛ፣ በትንሿ ሱቃችን፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። አጵሎስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መሀል ከተማ ዱርንፎንቴን ባለው ቤተክርስቲያናችን ኪቦርድ ይጫወታል፣ ማክሰኞና አርብ ደግሞ ዕቃ ያመጣልናል። የዱቄቱን ከረጢት ያወርድና ያየኛል። ሳየው ከረጢቱን ያያል። እንዲህ ስንባባል አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሞላን።

አንድ አርብ ትዕግስቴ አለቀና ምን እንደሚያስብ ጠየቅኩት።

«እየጸለይኩበት ነው» አለኝ።

«ስለ ዱቄቱ?»

አንገቱን ደፋ። እኛ ዘንድ ወንዱ ወደድኩሽ ከማለቱ በፊት ይጸልያል፤ ከዚያ ለሽማግሌዎች ይነግራል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይጸልያሉ። ልጅቷ የምትሰማው መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዚያ አርጅታ ካልሞተች።

እኔና እሱ ደፍረን የምናወራው ስለ ኢኔስ ማልዶና ብቻ ነበር። ኢኔስ ኩባዊት ዘፋኝ ናት። በወጣትነቷ ስትዘፍን ሰው ጫማው እስኪያልቅ ይጨፍር ነበር። ከዚያ ጉሮሮዋን ታማ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ዘጠኝ ዓመትም ዝም አለች። አሁን ስድሳ ስምንት ሞልቷት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ድምጿ ወፍሯል፣ መሀል ላይ ይሰነጠቃል፤ ከፍ የሚለውን ቦታ ለተመልካቹ ትተወዋለች። ሰው ሁሉ አበቃላት ይላል። አጵሎስም የድሮዋን ነው የሚመርጠው። እኔ የአሁኗን እወዳለሁ። የድሮዋ ትዘፍንልሻለች፣ የአሁኗ ትነግርሻለች። ስፓኒሽ አልችልም፤ ግን የምትለው ይገባኛል።

ጆሃንስበርግ ልትመጣ መሆኑን፣ እሁድ ከሰዓት በአንድ መናፈሻ ውስጥ እንደምትዘፍን ስሰማ ለአጵሎስ ነገርኩት። ዓለማዊ ዘፈን ላይ የተገኘ ከአገልግሎት ይታገዳል። ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ሁለት ሳምንት አስቦ፣ «እመጣለሁ» አለ። ያቺን አንድ ቃል ይዤ ስንት ቀን እንደሳቅኩ አልነግራችሁም።

ከዚያ አባቴ ስልኬ ላይ የኢኔስን ቪዲዮ አየ። ቪዲዮው የቅርብ ጊዜ ሥራዋ ነው፤ አሮጌ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከኋላዋ መስቀል ይታያል። ዘማሪ ናት ወይ ሲለኝ፣ ከሕመም ተርፋ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደምታዜም ነገርኩት። አልዋሸሁም እኮ። አባቴ ደግሞ ደስታውን ብቻውን መያዝ አይችልም፤ የሚቀጥለው እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ እግዚአብሔር ከሞት አፋፍ የመለሳት እናት ልትመጣ ነው ብሎ አወጀ። ሁለት ሚኒባስ ታክሲ ተያዘ።

መናፈሻው ሣር ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ወንጌላዊ ዱካሞ በጸሎት ከፈተ። እኔ በአንደኛው ጫፍ፣ አጵሎስ በሌላኛው፣ መሀላችን አስራ አራት ሰው።

ኢኔስ ቀይ ለብሳ፣ በምርኩዝ ወጥታ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ዘፈን ቀስ ያለ ነበርና አባቴ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ከዚያ ከበሮው መጣ። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ተነስተው ወገባቸውን ይዘው ይጨፍሩ ጀመር። ኢኔስ የምታንቀሳቅሰው አንድ ትከሻዋን ብቻ ነው፤ ግን ያቺ ትከሻ በቃች። የአባቴ እጅ ቀስ እያለ ወረደ።

«ዝማሬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኢኔስ ናት፣ አባዬ።»

ተነሳ። ሌሎቹም ተከትለውት ተነሱ። እኔ አልተነሳሁም። ወደ አጵሎስ አልዞርኩም፤ ሲሄድ ጀርባውን ማየት አልፈለግኩም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ኢኔስን ብቻ አየሁ። ድምጿ ሲሰነጠቅ አልደበቀችውም፤ ቆም ብላ ሳቀችና ቀጠለች።

ስዞር ምንጣፉ ባዶ ነው። አጵሎስ ብቻ በዚያኛው ጫፍ ተቀምጧል። ጠጋ እንኳ አላለም። ልገድለው ነበር።

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ጠሩን። ሰባት ናቸው፣ አንዱ አባቴ ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ወንጌላዊ ዱካሞ ግን ወደ አጵሎስ ዞሮ፣ ዓለማዊ ዘፋኝ መሆኗን ሌላው ሰው አያውቅም ነበር፣ አንተ ግን ታውቃለህ፤ ሁሉም ሲወጣ ዘፈኑ ጣፍጦህ ነው የቀረኸው ወይ አለው።

«አልጣፈጠኝም፤ እኔ የድሮዋን ነው የምወደው» አለ አጵሎስ። «ዝማሬ ስላልተነሳች ነው።»

«እሷ ባትነሳ አንተ ምን አገባህ?»

«ትቻት መሄድ አልፈልግም። ያን ቀንም፣ ከዚህ በኋላም።»

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ለእኔ ያልነገረኝን ለሰባት ሽማግሌ ነገረ! በአንድ ጊዜ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ስድስት ወር ከኪቦርዱ አገዱት። እኔን ከምን እንደሚያግዱኝ ግራ ገባቸው።

አባቴ በፒካፑ ወደ ቤት ወሰደን፤ ሦስታችን ፊት ተጣብቀን። እዚህ ሮቦት የምንለው የትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆን ቆመ።

«አጵሎስ» አለ፣ መንገዱን እያየ። «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ። ዱካሞን እንዳትልክብኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

«እሺ ጋሼ።»

እኔ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አባቴ ግን ሳል ይዞት አልነዳም፣ ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩንባውን ያስጮኻል።

«እኔም እሺ ብያለሁ» አልኩ። «ማንም ስላልጠየቀኝ ነው ራሴ የተናገርኩት።»