«ሌላ» የሚለው ዘጠኝ ጊጋ

ይህን የማያምን ደብረ ማርቆስ ድረስ ይምጣና የሱቄን ባንኮኒ መስታወት በጣቱ ይዳስስ።

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ የሱቄን ቆርቆሮ ይደበድበዋል።

እኔ ፈንታ ሃያ ዓመት ሙሉ ሞባይል የጠገንኩ ሰው ነኝ። ከዚህ እስከ ጉንደ ወይን እኔ ያልከፈትኩት ስልክ ካለ ገና አልተሠራም።

ዲያቆን ኪዳነ ማርያም ከደብረ ኤልያስ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ።

«ጋሼ ፈንታ፣ ሞልቷል ይለኛል። የመምህሬ የየኔታ ገብረ ኪዳን ዜማ እዚህ ውስጥ ነው። ግማሹን ሳልማር አረፉ። ሌላ ቅጂ የለውም።»

«አይዞህ! ስልክ ሁለት ቦታ አለው። ራሙ ገበያ ነው፤ ኃይል ሲጠፋ ይበተናል። ስቶሬጁ ግን ጎተራ ነው።»

ጎተራውን ከፈትኩ።

ሲስተም አሥራ አምስት ጊጋ። አፕ ስድስት። ፎቶ ሁለት። ድምፅ... ዜሮ።

«ሌላ» የሚለው ዘጠኝ።

«ሌላ ማለት ጥራጊ ነው» ብዬ አጠፋሁት።

ዲያቆኑ መቅጃውን ከፈተ።

ባዶ...

ዜማው ለካ እዚያው «ሌላ» ውስጥ ነበር!

በጠፋው ዜማ ላይ ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት ባትሪውን ነቀልኩና ስልኩን ባንኮኒው መስታወት ላይ አኖርኩት።

«አትደንግጥ፣ ቀድሜ ገልብጬዋለሁ» አልኩ።

ጧ።

ከስልኩ ውስጥ... እንጨት ወለል ሲመታ የሚሰማ ዓይነት።

የዲያቆኑ ፊት አመድ መሰለ።

«የኔታ...» አለ በሹክሹክታ። «ስንሳሳት በመቋሚያቸው እንዲህ ነበር የሚመቱት።»

«ዝናቡ ነው እባክህ።»

ጧ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር።

«ጋሼ... እውነት ገልብጠውታል?»

«አልገለበጥኩም። አጠፋሁት።»

ስልኩ ጧ አላለም።

ዲያቆኑ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ ዜማውን ከመጀመሪያው ያዘ። ግማሹ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አያውቀውም። በግምት ሞከረ።

ጧ።

ቀየረው።

ጧ።

ሌላ ሞከረ...

ፀጥ።

እንባው እየወረደ ቀጠለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረሰው።

«ባትሪው ይቅር» ብሎኝ ስልኩን ይዞ ሄደ።

ስልኩ የነበረበት መስታወት ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ቀርቷል፤ የመቋሚያ ጫፍ የሚያህል። አሥራ ሰባት ነበር።

ስልኩ ደብረ ኤልያስ ከገባ ወር አልፎታል።

አሁን፣ ከላይ «ሃያ ዓመት» ብዬ ስጽፍ... ጧ። አሥራ ስምንተኛው መስታወቱ ላይ ወጣ።