ነጩ ክር

ወይን ሻጩ ሞቶ የተገኘው ከሱቁ በላይ ባለው ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ፊት ለፊቱ ግማሹ የተጠጣ ቀይ ወይን በብርጭቆ፣ ከጎኑ አንድ ጠርሙስ። በጠርሙሱ አንገት ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ፖሊሶቹ መልሱን ከዚያ ክር ላይ አነበቡት፤ ሌላ ነገር ለማንበብም አልደከሙም።

ክሩ ምን እንደሚል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰው «አፍንጫው» እያለ የሚጠራው ይህ ወይን ሻጭ፣ ደንበኛ ሲገባ «ምን ያህል አስበሃል?» አይልም፤ «ለምን ጉዳይ ነው?» ይላል። ለሠርግ የመረጠው ጠርሙስ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል፤ ለምረቃ ቢጫ፤ ለእርቅ አረንጓዴ፤ ለመሰናበቻ ነጭ። በዚያ ላይ ሚስቱ የምትወስደው የልብ መድኃኒት ጠብታ ብርጭቆው ውስጥ ሲገኝ ነገሩ አለቀ ተባለ። ሰውዬው መሰናበቻውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ቀድቶ፣ ሄደ።

ይህ ያልተዋጠላት ልጁ ብቻ ነበረች። ሠርጓ ደርሶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ መርፌ ቤት ሄደች። መርፌ ከምርመራ ሥራ በጡረታ የወጣች ቀጭን ሴት ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ሌቦች ናቸው፤ የት እንደገባች ሳይታወቅ ትወጋለች ለማለት ነው። እሷም ወዳዋለች።

«የሠርጌን ወይን ገና አልመረጠልኝም ነበር» አለች ልጅቷ። «በጠየቅኩት ቁጥር እያሰብኩበት ነው ይለኛል። የኔን ሳይመርጥ የራሱን መሰናበቻ ይመርጣል? ሠርጌን ላለማየት ነው የሄደው?»

«እና እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«አባቴ ትቶኝ እንዳልሄደ ያረጋግጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እኔ አንዱን ጫፍ ስስብ ሌላው ጫፍ ላይ ምን እንደታሰረ አላውቅም። የማትፈልጊውም ሊመጣ ይችላል።»

«ይምጣ» አለች ልጅቷ። ሰው እንዲህ የሚለው ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። መርፌም ይህን ታውቃለች፤ ግን እምቢ ለማለት አንጀቷ አልቻለም።

መጀመሪያ የሄደችው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። የድሮ ባልደረባዋ ጠርሙሱንና የሟቹን ልብስ አወጣላት። ጠርሙሱ ላይ የጥቁር ኮረብታ ሥዕል አለ። ነጩ ክር አንገቱን ዞሮ በደንብ ተቋጥሯል፣ አንድም ቦታ አልተነካም። ከሰደርያው ኪስ ደግሞ የተጠቀለለ የክር ክምር ወጣ።

«ይሄ ሰውዬ ወይን ነው ክር የሚሸጠው?» አለ ባልደረባዋ።

መርፌ ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ሁሉም ከጥቅል የተመዘዙ፣ ገና ያልታሰሩ ናቸው። አንዱ ብቻ ቋጠሮ አለው፤ ከቋጠሮው ጎን በስለት ተቆርጧል። እሱን ለብቻው በወረቀት ጠቅልላ ልብሱን በልጅቷ ስም ፈርማ ተረከበች።

ሱቁን የከፈተላት የልጅቷ እጮኛ ነው። ከሟቹ ሥር ሆኖ ወይን መሸጥና መቅመስ የተማረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ ግን በልቅሶ ያበጠ ወጣት። ከአማቹ ጋር መጋጨቱን ሳትጠይቀው ነገራት። ሚስቱን ይዞ ሌላ ከተማ ሄዶ የራሱን ሱቅ ሊከፍት አስቦ ነበር፤ ሽማግሌው ልጄን አታርቅብኝ ብለው ተቆጥተዋል።

«ወይን ሲከፈት አይቼ አላውቅም» አለች መርፌ። «እንደሳቸው አድርገህ አሳየኝ።»

ቢጫ ክር ያለው ጠርሙስ አወረደ። ከኪሱ ትንሽ ስለት አውጥቶ ክሩን ቆረጠ፣ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ቡሹን ነቀለ፣ አሸተተ።

«ክሩን ለምን ኪስህ ከተትከው?»

«ጋሼ እንዲህ ነው ያስተማሩን። ክሩ ሳይቆረጥ ቡሽ አይነካም። ጉዳዩ ተጀመረ ማለት ነው።»

«አንድ ቀን ቢረሳስ?»

«አይረሳም። እዚህ የተከፈተ ጠርሙስ ክሩ እላዩ ላይ አድሮ አያውቅም። እኔም፣ የጋሼ ወንድምም፣ እጮኛዬም ስንከፍት እንደዚያው ነን። እጅ ይለምደዋል።»

«ሰው ሲጋብዙ ጉዳዩን መቼ ነው የሚናገሩት?»

ልጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከመጀመሪያው ብርጭቆ በኋላ። ቀድሞ የጠየቃቸውን ሰው ምላስህ ይንገርህ ይሉታል።»

መርፌ የመቅመሻ ክፍሉን ዞራ አየች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቡሽ ተቀምጧል፤ የኮረብታው ሥዕል አለበት። መደርደሪያው ላይ ባለ ረጅም እግር ቀጫጭን ብርጭቆዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። ከአንዱ ጥንድ ሁለቱም የሉም።

«እነዚህን ማን ያወጣቸዋል?»

«ከእሳቸው በቀር ማንም አያወጣቸውም። አንዱ ፖሊስ ጋ ነው።»

«ሌላውስ?»

ልጁ ዞሮ አየ፤ ያኔ ገና ማስተዋሉ ነበር።

የሟቹን ታናሽ ወንድም ምድር ቤት ውስጥ በርሜል ተደግፎ አገኘችው። ሰፊ ሰው ነው፤ ሐዘኑም ቀልዱም ባንድ ላይ የሚመጣበት።

«መርፌ ክር ፍለጋ መጣች በሉኛ» አለ። «መጀመሪያ እኔን ጠርጥሪኝ። ርካሽ ወይን በፕላስቲክ እንሽጥ ብዬ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። ወይንን ከውኃ ቧንቧ ጋር አታዛምድብኝ ይለኝ ነበር።»

«መሰናበቻ ብሎ የሚመርጠው የትኛውን ነው?»

«ጣፋጩን። ሁልጊዜ ጣፋጩን። የሚለይህ ሰው አፉ ላይ ደግ ነገር ይዞ ይሂድ ነው የሚለው።»

«ጥቁር ኮረብታ ያለበት ጣፋጭ ነው?»

ሰውየው በርሜሉን ለቀቀና ቀና አለ። «እሱማ ጎምዛዛ ነው። ሲከፈት ምላስህን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። አየር አግኝቶ ሲቆይ ነው የሚለሰልሰው። ለእርቅ ነው የሚሰጠው። የተጣሉ ሰዎች አብረው እየጠበቁት ይለሰልስ ይላል። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ላውቅ ነዋ። ከሚስቱ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤቱ ውስጥ ከዝምታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። በቀደም ተጣልተው ልጃችንን እንዳርና ለየብቻ እንኑር ብሏታል። እዚህ ድረስ ተሰምቷል።»

ባልቴቷ ፎቅ ላይ ነበረች። እግሯ ሥር በአራቱም ቀለም የተጠቀለለ ክር የሞላ ቅርጫት፣ ጉልበቷ ላይ ያልተከፈተ ጠርሙስ። ባሏ ከተቀበረ በኋላም እጇ ሥራውን አላቆመም። ቀዩን ክር በጠርሙሱ አንገት አዙራ ቋጠረች፤ ዓይኗ ቋጠሮው ላይ አልነበረም።

«ሁሉንም እርስዎ ነዎት የሚያስሩት?» አለች መርፌ።

«ከተጋባን ጀምሮ። እሱ ቀለሙን ይነግረኛል፣ እኔ አስራለሁ፣ ጠርሙሱ ይወርዳል።»

«የትኛውን ይወዳሉ እርስዎ?»

«ወይኑን? ቀምሼው አላውቅም ብል ያምኑኛል?»

«የወይን ሻጭ ሚስት ሆነው?»

«ወጥ ቤት አፍንጫሽን ገድሎታል ይለኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እታች ነው የሚከፈተው። ሳቁን በደረጃው እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ነይ ይለኛል እያልኩ መሰለኝ ያረጀሁት።» ይህን የተናገረችው ሳታማርር ነው፤ ለዚያም ነው መርፌን የከበዳት።

«የዚያን ቀንስ?»

«አሞኝ ተኝቼ ነበር። ስነሳ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት።»

መርፌ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች። የታጠቡት የውኃ ብርጭቆዎች በጨርቅ ላይ ተደፍተዋል። በእነሱ መካከል አንድ ባለ ረጅም እግር ቀጭን ብርጭቆ ተደፍቶ ነበር። ሳትነካው ረዥም ሰዓት ቆማ አየችው። ይህን ሥራ ከጀመረች ወዲህ ያገኘችውን ነገር መልሳ ለመጣል የተመኘችው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ሁሉንም መቅመሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ከእጮኛዋ ጎን፣ አጎቷ በሩ አጠገብ፣ እናቷ ከምድጃዋ ተጠርታ ሽርጧን እንደታጠቀች ተቀመጡ። የፖሊስ ባልደረባዋ ጠርሙሱን ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ሰውዬው ራሱን አላጠፋም» አለች መርፌ። ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች። «ለራሱ መሰናበቻ የሚቀዳ ሰው ሁለት ብርጭቆ ይዞ አይወጣም። ሁለቱ ከዚህ መደርደሪያ ወጥተዋል። አንዱ ከሬሳው ጋር ተገኘ። ሌላውን አንድ ሰው አጥቦ ከውኃ ብርጭቆዎቹ ጋር ደፍቶታል። ስለዚህ አብሮት የተቀመጠ ሰው ነበር።»

«ማን?» አለ ወንድምየው።

«ቀስ እንበል። ወይኑ የተከፈተው እዚህ ነው፤ ቡሹ ያውላችሁ። አስቀድሞ ከፍቶ አየር እንዲያገኝ ተወው። ከፎቅ ያለው ሰው ሲከፈት አላየም። አሁን ጠርሙሱን እዩት።»

ባልደረባዋ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጮኛው ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ክሩ አልተቆረጠም» አለ።

«አልተቆረጠም። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከፊቱ አስቀምጦ አያውቅም። ይህ ክር የታሰረው ወይኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ያሰረው ሰው ቀለሙን ያውቃል፤ ነጭ መሰናበቻ መሆኑን፣ እኛም እንደዚያ እንደምናነበው። የማያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲከፈት ክሩ ምን እንደሚሆን። አንተ ታውቃለህ፣ አጎትየው ያውቃሉ፣ ልጅቷ ታውቃለች። ከእናንተ አንዱ ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱን ባዶ አንገቱን ይተወው ነበር። ክር በማሰር ያረጀ፣ ነገር ግን ሲከፈት አንድም ቀን ያልተጠራ ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

ማንም ወደዚያ ወገን ለመዞር አልደፈረም። የዞረችው ልጅቷ ናት።

«እማዬ?»

ባልቴቷ ሽርጧን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «በጠዋት ዛሬ ላንቺ የመረጥኩት ወይን አለ፣ ወደ ማታ ይዤ እመጣለሁ አለኝ» አለች። «ስንት ዘመን ለኔ መርጦ የማያውቅ ሰው ለኔ ምን ሊመርጥ ይችላል? እንለያይ ካለኝ ወዲህ? ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። መሰናበቻ ነው አልኩ። ለዚህ ሁሉ ሰው ሠርጉንና ምረቃውን መርጦ፣ የኔ ድርሻ መሰናበቻ ሆነ አልኩ። መስኮቱን ሊዘጋ ሲዞር ጠብታውን ጨመርኩበት። ጠርሙሱ ክር አልነበረውም፤ ወድቆ ይሆናል ብዬ ነጩን አሰርኩለት። ውሸት ያሰርኩ አልመሰለኝም።»

«ምን ጉዳይ እንደሆነ ነገረዎት?» አለች መርፌ።

«አልነገረኝም። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። ገና አልለሰለሰም አለኝ። ትንሽ አብረን እንጠብቀው አለኝ።»

ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሱ ገብቶታል።

መርፌ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ላለማውጣት ብታስብ ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ ጥፋተኛዋ ተገኝታለች፣ ሥራው አልቋል። ግን ልጅቷ ስለ አባቷ እውነቱን ለምናለች፣ እውነቱ ደግሞ ግማሽ ሆኖ አይሰጥም።

«ይህ ከሰደርያው ኪስ የወጣ ነው» አለች። «ከዚህ ጠርሙስ ላይ ራሱ የቆረጠው።»

ወረቀቱን ስትፈታው አረንጓዴ ክር ነበር።

ባልቴቷ ጎንበስ ብላ አየችው። ቋጠሮው የራሷ ነው። ለማን እንደሚሆን ሳታውቅ ከብዙዎቹ ጋር አብራ ያሰረችው። «እርቅ ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ማንንም ሳይሆን። «አንድ ቃል ቢነግረኝ ምናለበት» አለች። «ሰው እንዴት በወይን ይታረቃል፣ አፍ እያለው።»

ልጅቷ ወደ መርፌ ዞረች። «ትቶኝ አልሄደም ማለት ነው።»

«አልተወሽም። እናትሽንም ሊተው አልነበረም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። የጠየቀችው ነገር ሙሉ በሙሉ ተሰጥቷታል፤ ለምን እንደፈለገችው ግን አሁን ማስታወስ አልቻለችም። እጮኛዋ እጇን ሊይዝ ሲል ቀስ ብላ ሳበችው። ሠርጉን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እንደማይኖርም ሁሉም ገብቶታል።

ፖሊሱ ከግድግዳው ተላቆ ቆመ። ባልቴቷም ሳትለመን ተነሳች፤ ሽርጧን ፈታ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደማንኛውም ቀን ዞር ብላ፣ «ሾርባ ጥጄ ነው የወረድኩት። እንዳያርብሽ፣ ልጄ» አለች።

«እሺ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ አፏ እንደለመደው።

በሩ ተዘጋ። ልጅቷ ደረጃው ሥር ሄዳ ቆመች፣ አንድ እግሯን መጀመሪያው እርከን ላይ አደረገች፣ እዚያው ተቀመጠች። ማረሩ ከፎቅ ይሸት ጀመር። ቀስ በቀስም ሱቁን ሞላው። ሁሉም ይሸታቸዋል፤ የተነሳ ግን አልነበረም።