ያልተሰናበቱት እንግዶች

ኩራዙን ዝቅ አድርጉልኝ። እንዲያ። ይበቃል።

ሰዓቱን በትክክል እንዳልነግራችሁ ያን ጊዜ ሰዓት ያሰረ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ጨረቃ ከመውጣቷ በፊት ነው። በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ታኅሣሥ የሚሉም አሉ። ብቻ ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ነው። መንገዱ ከቆላው ገበያ ተነሥቶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ በወዲያ በኩል የሚወርድ ቀጭን መንገድ ነው። ግራው ገደል፣ ቀኙ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል። ጅብራ በጨለማ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

በዚህ መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። እንዳላማው ይባላል። ብቻውን ነው። ሚስቱ የሻረግ ከወለደች አሥር ቀኗ ነው፤ ለገንፎዋ የሚሆን ቅቤ ገዝቶ በቅል ይዟል። ጎህ ሲቀድ ከቤቱ መድረስ አለበት። ለምን? ቤት ውስጥ ከአራሷና ከሕፃኑ በቀር ማንም የለም። የፈለጠላቸው እንጨት ደግሞ የሚበቃው ለዚያች ሌሊት ብቻ ነው።

እንዳላማው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ይሉኝታ የበዛበት ሰው ነበር። ምን ያህል? አንድ ቀን አህያ እግሩን ብትረግጠው፣ ባለቤቷ እንዳያፍር ብሎ፣ እስክትሄድ ድረስ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ነው። ይህ እንኳ ተጋንኖ ይሆናል። ግን እንዲህ ነበር የሚባለው።

ተራራው አናት ላይ መንደር አገኘ። አምስት ጎጆ ነው። አራቱ ጨለማ፣ አንዱ ብርሃን። እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ትንሽ ሙቄ ልሂድ አለና ከደጁ ቆመ።

«ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ!»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው! ግባ፣ ልጄ፣ ግባ!»

ገባ። ምድጃው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። እኔ የሰማሁት ሦስት ስለሆነ ሦስት እላለሁ። አንድ ሽማግሌ፣ አባ ክንፉ የሚባሉ። አንዲት አሮጊት፣ እማማ ውድነሽ። አንድ ጎልማሳ፣ ፈጠነ። አባት፣ እናት፣ ልጅ፤ እንዳላማው እንዲህ ነው የገመተው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትገምቱ ነበር?

ሦስቱም ብድግ አሉለት። ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡት። ፈጠነ እግሩን አጠበው። የበግ ጠጉር ባና ደረቡለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ሞቀህ፣ ልጄ?» አሉ አባ ክንፉ።

«ኧረ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ አባቴ» አለ እንዳላማው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

ባናው በተደረበ ቁጥር ይበልጥ ይበርደው ነበር። ታዲያ ይህን ለባለቤት ይናገሩታል? አይናገሩም። እማማ ውድነሽ የገብስ ዳቦ ቆርሰው ወደ አፉ አመጡ።

«አፈር ስሆን ጉረስልኝ!»

ጎረሰ። ዳቦው ድንጋይ ነው። ጠላው ተቀድቶለት ሲጎነጭ ውስጡ ያለው በረዶ ከጥርሱ ጋር ተጋጨ።

«ጠላችን እንዴት ነው?» አለ ፈጠነ።

«ግሩም ነው። የሚታኘክ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም።»

የቅቤውን ቅል ከምድጃው ጥግ አስቀምጦት ነበር። ነካ አደረገው። እሳት አጠገብ የቆየ ቅቤ ምን ይሆናል? ይቀልጣል። ይህ ግን እንዳለ ነው። እንዳላማው እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ነበልባሉ ሰደደ። ቀዝቃዛ ነው። ነበልባሉ ውስጥ ከተተው። የባሰ ቀዝቃዛ ነው። ቀና ብሎ ሲያይ ከሦስቱ ሰዎች አፍ እንፋሎት አይወጣም። ከእሱ አፍ ብቻ ነው የሚወጣው።

ያን ጊዜ ገባው። እናንተ ቢገባችሁ ምን ታደርጉ ነበር? ትሮጡ ነበር። እንዳላማው ግን እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ዳቦውን ሳልጨርስ ብነሣ ምን ይሉኛል?

ጨረሰው። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። እንቅልፍ መጣበት። እንቅልፉ ደስ የሚል ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ከአባ ክንፉ ጎን አንድ ባዶ አጎዛ ተነጥፎ፣ የሚተኛበትን ይጠብቃል። እንዳላማው አራሷን አሰበ። እንጨቱን አሰበ። እንደ ምንም አፉን ከፈተ።

«አባቴ፣ እንግዲህ ያሰናብቱኝ።»

አባ ክንፉ ደነገጡ። «እኔ? በምን አፌ? የቤቱ ጌታ ሳይመጣ እኔ ማንን አሰናብታለሁ? እኔም እንዳንተው እንግዳ ነኝ እኮ።»

«እንግዳ? እማማስ?»

«እኔማ ስመጣ እሳቸው 'ግቢ' ቢሉኝ የቤቱ ባለቤት መስለውኝ ነበር» አሉ እማማ ውድነሽ። «ኋላ ስጠይቅ ለካ አይደሉም።»

«ልጅዎስ?»

«የማን ልጅ?» አለ ፈጠነ። «እኔ የአህያ ነጋዴ ነኝ። ትንሽ ልሙቅ ብዬ ነው የገባሁት።»

«መቼ?»

«እኔ የቅርብ ነኝ። ሃያ ዓመት አይሞላኝም።»

«እኔ ውርጭ ገብሱን የፈጀ ጊዜ ነው» አሉ እማማ ውድነሽ።

«እኔ ከብቱ ያለቀ ዓመት» አሉ አባ ክንፉ።

እንዳላማው ቆጠረ። ከብቱ ያለቀው አባቱ ሳይወለድ ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አለ፣ በጣም እያፈረ፣ «እናንተ… አልሞታችሁም?»

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። አባ ክንፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳንሞት አልቀረንም፣ ልጄ። ግን አንዳችን ለአንዳችን ተናግረን አናውቅም። ሰው ቤት ተቀምጦ 'እኔ እኮ ሞትኩ' ማለት ባለቤቱን ማማት አይሆንም? በደንብ አላስተናገደኝም ማለት አይሆንም?»

«ታዲያ ለምን አትሄዱም?»

«ሳይሰናበቱ!» ጮኹ ሦስቱም በአንድ ላይ። «ነውር ነው!»

እንዳላማው ለይሉኝታ ካልሆነ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። እኔ ባልምልም፣ እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። ግን እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው እንዲህ አለ፦ «የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ።»



አባ ክንፉ ጉልበቱ ላይ ወደቁ። «ጌታዬ! ምነው ይህን ያህል ቆዩ? ምነው እንግዳ መስለው ገቡ?»

«መስተንግዶውን… ለማየት።»

«እንዴት አገኙት?»

«ደስ ይላል። ትንሽ ይቀዘቅዛል። በሉ፣ ሁላችሁንም አሰናብቻችኋለሁ። ሂዱ።»

ተነሡ። ጉልበታቸው እንደ በረዶ ተንቋቋ። መረቁት፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር። ምርቃት አይቋረጥምና እንዳላማው ቆሞ አሜን፣ አሜን አለ። ከዚያ ቅሉን አንሥቶ ወደ በሩ ተንፏቀቀ።

«ወዴት ነው፣ ጌታዬ?»

«ወደ… ወዲያኛው ቤቴ። ከተራራው ሥር።»

«በዚህ ጨለማ? ብቻዎን?» እማማ ውድነሽ ጉንጫቸውን ያዙ። «በሌሊት ሰው ብቻውን ይሄዳል? እንሸኝዎታለን!»

«ኧረ አትድከሙ።»

«ምን ድካም አለው!»

«በእግዚአብሔር፣ አትቸገሩ።»

«ምን ችግር አለው!»

እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ደግሞ፣ ታውቃላችሁ፣ እሺ ያለ ማለት ነው። ወጡ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከኋላ። ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ «እዚህ ይበቃል» አላቸው። «ትንሽ እንጨምር» አሉ። ከወንዙ ሲደርሱ «ተመለሱ እንጂ» አላቸው። «ከደጅዎ ሳናደርስ!» አሉ።

ጎህ ሊቀድ ሲል ከደጁ ደረሱ። በበሩ ስንጥቅ የእሳት ብርሃን ይታያል። እውነተኛ እሳት ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ማነው?» አለች የሻረግ ከውስጥ። «አንተ ነህ? ከሰው ጋር ነህ?»

እንዳላማው ዞር አለ። ሦስቱም ቆመዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ ፈገግ ብለዋል። እንዴት እንደሚመልሳቸው ሲጨነቅ፣ አባ ክንፉ ራሳቸው እጅ ነሡ።

«እንግዲህ ደህና ይዋሉ፣ ጌታዬ። አድርሰንዎታል። እኛ እንሂድ።»

ሰማችሁ? እንሂድ አሉ። ዞሩም። አንድ እርምጃ ተራመዱ። እንዳላማው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዝም ማለት። አፉን ይዞ ዝም ማለት።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ እንዳላማው። «እዚህ ድረስ መጥታችሁ ሳትቀምሱ? ግቡ! ግቡ እንጂ!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ገቡ። የሻረግ፣ ምስጋና ይግባትና፣ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው። እሳቱ እየነደደ ቀዘቀዘ። ገንፎው በእንፋሎቱ መሐል ጠጠረ። ሕፃኑ ማልቀሱን አቆመ፤ አልሞተም፣ አትደንግጡ። አደገ። የኔ አያት እሱ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ኖሮ አንድ ቀን ሞቆት አያውቅም። ብርዱን ሽሽት ወደ በረሃው ወረድን፤ እነሱም አብረው ወረዱ። ባለቤቱ፣ እንዳላማው፣ ሳያሰናብታቸው ሞቷል። ከኛም መሐል ደፍሮ «ሂዱ» ያለ የለም። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ምን ይሉኛል ብዬ ተውኩት።

ሽማግሌዎች በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በሌሊት ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ሰው ቤት ስሄድ ይሸኙኛል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከኋላ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ስገባ በሩን ክፍት ነበር የተውኩት። ከናንተ መሐል የተነሣ ሰው አላየሁም።

ማነው የዘጋው?

ቆይ፣ ቆይ። ማንም ወደ ኋላ አይዙር። ደግሞ እባካችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ «ምነው ቆማችሁ?» እንዳይል።