ከሻርፑ የተፈታ ክር

አንዲት የክር ዓይን ከሹራብ መሥሪያው ሽቦ ላይ ስታመልጥ ልጁ ይታያል ትንፋሹን ያዘ። ያመለጠችው አንዲት ብቻ ናት፤ ከሥሯ ያሉት ግን ተራ በተራ እየተፈቱ ሊከተሏት ደረሱ።

«አትደንግጥ» አሉት እትዬ ሥራነሽ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ስትደነግጥ ነው የሚብስብህ። በሽቦው ጫፍ ቀስ ብለህ ያዛት፣ ሳብ አድርጋትና መልሳት።»

ይታያል ምላሱን ከከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ፣ ዓይኗን ያዛትና ወደ ቦታዋ መለሳት። ከዚያ ነው የተነፈሰው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኳስ ሲጫወት ቀኝ እግሩ ተሰብሮ እስከ ጉልበቱ በጄሶ ታስሯል። የደብረ ማርቆስ ክረምት ለደህና እግርም አይመችም፤ የእሱ ክራንች ደግሞ ገና ከበር ሲወጣ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ጓደኞቹ ሜዳ ሲውሉ እሱ አልጋው ላይ ጣሪያውን የሚመታውን ዝናብ ሲያዳምጥ ይውላል። ጎረቤታቸው እትዬ ሥራነሽ የልጆች ሹራብ እየሠሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ያወጣሉ። አንድ ቀን ሊጠይቁት መጡና፣ እየተጫወቱ ሥራቸውን ከዘንቢላቸው አወጡ። ይታያል ጣታቸውን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና፣ «እስኪ እኔም ልሞክር» አለ። መሰልቸት ነው ያስባለው። በማግስቱ ግን እስኪመጡ ድረስ ዓይኑ በር በሩን ነበር።

ከብስክሌት ጎማ የወጡ ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸውን በድንጋይ አሹለው ሰጡት። ከሕፃን ሹራብ የተረፈ ለስላሳ ነጭ ክርም ጨመሩለት። ለእንቁጣጣሽ ለእናቱ የአንገት ሻርፕ ሊሠራ አሰበ። እናቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እሷ ስትመጣ ሻርፑን ትራሱ ሥር ይደብቀዋል።

ያቺን ያመለጠች ዓይን በመለሰበት ቀን የውጭው በር ተንኳኳ፤ ተከትሎም የምስጋናው ፉጨት ተሰማ። ምስጋናው የክፍሉ ልጅ፣ የቡድናቸው በረኛ፣ ከሁሉም የሚቀርበው ጓደኛው ነው። ይታያል ክሩንም ሽቦውንም ጠቅልሎ ብርድ ልብሱ ሥር ወሸቀው። ምስጋናው ገብቶ ለእትዬ ሥራነሽ እጅ ከነሣ በኋላ አልጋው ላይ ዘጭ አለ፤ ወዲያው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ምንድን ነው የወጋኝ?» ብርድ ልብሱን ገለጠው። «ሹራብ? የማን ነው?»

«የሂዊ ነው» አለ ይታያል። ሂዊ ታላቅ እህቱ ናት። «እዚህ ትታው ወጥታ ነው።»

«እኔማ አንተ ጀመርከው ብዬ በሳቅ ልሞትልህ ነበር። ሼም ነው አቦ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ነበር የማወራው» ብሎ ሳቀ። ይታያልም አብሮት ሳቀ። እትዬ ሥራነሽ ቀና ብለው ይታያልን አዩት። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሐምሌ ሲገባደድ እትዬ ሥራነሽ እህታቸው ሞተውባቸው ለለቅሶ ደብረ ኤልያስ ሄዱ። በዚያው ሳምንት የይታያልን እናት ያልተጠበቀ ምጥ ያዛት። አባቱና ሂዊ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት፤ እሱ ከእግሩ ጋር ቤት ቀረ። ያን ያህል ረጅም ጠዋት አሳልፎ አያውቅም። ዝናቡ ቆሞ እንደገና ጀመረ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

ከሰዓት በኋላ አባቱ አቶ ፈንታና ሂዊ ተመለሱ። አቶ ፈንታ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአምበር ገበያ ጤፍ ጭነው ሲመጡ ድምፃቸው ከራቀ ቦታ ይሰማል። አሁን ግን በቀስታ ነበር የተናገሩት።

«እናትህ ደህና ናት። ሴት ልጅ ነው ያገኘነው። ከጊዜዋ ቀድማ ስለመጣች ትንሽ ናት፤ በጣም ትንሽ።»

«ትተርፋለች?»

አባቱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ካፖርታቸውን አውልቀው ሰቀሉ። «እግዜር ያውቃል። ሲስተሯ ሙቀት ነው የሚያስፈልጋት አለች። ሌት ተቀን እናቷ ደረት ላይ ነው የምትሆን።»

«ራሷም መሸፈን አለበት» አለች ሂዊ፣ ከኪሷ ትንሽ ሮዝ ኮፍያ አውጥታ። «ሱቅ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ትንሹ ይኼ ነው። ስናደርግላት አገጯ ድረስ ወረደ። እትዬ ሥራነሽ ቢኖሩ ኖሮ በአንድ ጊዜ ይሠሩልን ነበር።»

ይታያል ኮፍያውን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ጭንቅላቷ ምን ያህላል?»

«ድንች ያክላል» አሉ አባቱ።

«አባዬ ደግሞ፣ ምኑ ድንች ነው? ትልቅ ብርቱካን ያህላል» አለች ሂዊ።

ይታያል እጁን ትራሱ ሥር ሰድዶ ሻርፑን አወጣው። አባቱ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ሻርፑ ከክንዱ ይረዝማል፤ አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ አንዳንድ ቀዳዳ አለው። ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈልጎ ፈታና ክሩን ሳበው። ስንት ቀን የለፋበት ሥራ ትር፣ ትር፣ ትር እያለ ይፈታ ጀመር። እጁ ግን አላቆመም። ክሩ ጭኑ ላይ ተከመረ፣ መወሳሰብም ጀመረ።

አባቱ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«እዚህ ላይ ጠምጥመው። እንዲያ ከሆነማ ይቋጠርብሃል።»

ይታያል ጠመጠመ። ጆንያ ያሻከረው የአባቱ መዳፍ ክሩን እየያዘ ያስቸግራል።

«ማን አስተማረህ?»

«እትዬ ሥራነሽ።»

«ለማን ነበር?»

«ለእማዬ። ለእንቁጣጣሽ።»

አባቱ እጃቸውን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ ክሩን ተከተሉ። «እሷም ብትጠየቅ ይኼንኑ ነበር የምትመርጥ» አሉ ትንሽ ቆይተው።

ሂዊ ለልክ እንዲሆነው ከሱቅ ትልቅ ብርቱካን ገዝታ መጣች። ይታያል የሚያውቀው አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አጭር ጨርቅ የሚመስል ነገር ሠርቶ፣ ብርቱካኑ ላይ ጠቅልሎ ሊሰፋው አሰበ። የመጀመሪያው ሰፋ፤ ፈታው። ሁለተኛው ጠበበ፤ እሱንም ፈታው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስተኛው ብርቱካኑን ልክክ ብሎ ያዘው። ጎኑን በመርፌ ሰፋው፣ አናቱን በክር ሰብስቦ ቋጠረው። ኮፍያው ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነበር፤ ኮፍያነቱ ግን አያጠራጥርም።

ሂዊ ምሳ ልታደርስ ስትነሣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

«ማን ሠራው ቢሉሽ፣ አንቺ እንደሠራሽው ንገሪያቸው።»

«ለምን?»

«ምስጋናው ሻርፑን አይቶ የአንቺ ነው ብዬዋለሁ። አባዬም ለማንም አይናገርም።»

«መርፌ ክር ማስገባት እንኳ የሚያቅተኝ እኔ?» ሂዊ በትዝብት አየችው። «እሺ ይሁን፤ ግን ነግሬሃለሁ፣ ደስ አይለኝም።»

ኮፍያው ልክ ሆነላት። ቀናት ባለፉ ቁጥር ከሆስፒታል የሚመጣው ወሬ እየተሻለ ሄደ። ሕፃኗ መጥባት ጀመረች። ክብደቷም ትንሽ በትንሽ ጨመረ። ምስጋናው ሰምቶ መጣና፣ «እህትህ አሪፍ ናት ባክህ! እናቴማ እንደሷ ያለች ልጅ በወለድኩ ስትል ነው የሰነበተች» አለው። ይታያል «አዎ፣ ጎበዝ ናት» አለ። ይህን ሲል በራሱ ሰርግ ላይ በር ጠባቂ የሆነ መሰለው።

አንድ ቀን ሂዊ ባዶውን የምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የኔአለም የምትባል እናት አለች። ከአምበር ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣች። መንታ ነው የወለደች፤ ልጆቿ ከእኛዋም ያንሳሉ። ባሏ እርሻው ጭንቅ ሆኖበት ተመልሷል፤ ከተማ ዘመድ የላትም። ኮፍያውን አይታ ለመነችኝ።»

«ሁለት እሠራላታለሁ» አለ ይታያል ወዲያው። «ክር ይበቃል።»

«ሥሪልኝ አላለችም። አሳዪኝ ነው ያለችኝ። ‹ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ነው የምውል፤ እጄ ሥራ ፈቷል፤ ለልጆቼ ራሴ ልሥራላቸው› ነው ያለችኝ። ነርሷ ሲስተር ጥሩብርሃንም ነገ ጠዋት ነይና አሳዪያት ብላኛለች። ምን ልበላት?»

ከሰዓቱን ሙሉ ሊያስተምራት ሞከረ። ሂዊ ክሩን አጠበቀችው፣ አላላችው፣ በመጨረሻም ጣቷ ላይ ቋጠረችው።

«እንዳልኩሽ አድርጊ።»

«እንዳልከኝ ነው ያደረግሁት።»

ሌላ መላ መቱ። እሱም አብሯት ሄዶ አጠገቧ ይቀመጥና ሲጠፋባት በጆሮዋ ይነግራታል። ለምስጋናው ደግሞ ሕፃኗን ማየት ፈልጌ ነው አለው። ምስጋናው በማግስቱ የወንድሙን ባጃጅ በር ላይ አስቁሞ፣ ጭቃው ላይ ደግፎ አሳፈረው። ክራንቹንም ታቅፎ አብሮት ሄደ።

ሲስተር ጥሩብርሃን ይታያልን እጁን አስታጥባ ወደ እናቱ አስገባችው። እናቱ ጋቢዋን ትንሽ ገለጥ አደረገችለት። ነጩ ኮፍያ እንዳዘመመ ነው፤ ከሥሩ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጉንጭ ብቅ ብሏል። ጉንጩ ይንቀሳቀሳል።

«የሂዊ እጅ ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደተፈታ እንጃ» አለች እናቱ፣ ፊት ፊቱን እያየች። አቀርቅሮ ወጣ።

ከክፍሉ በር አጠገብ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። የኔአለም ሁለቱን ልጆቿን ደረቷ ላይ አስራ፣ በጋቢ ተሸፍና ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሂዊ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ይታያል ከሂዊ ቀጥሎ። ምስጋናው ክራንቾቹን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ።

ሂዊ ይዛላት የመጣችውን ሌላ ሁለት ሽቦና ክር ለየኔአለም ሰጥታ፣ የራሷን ክር ሽቦው ላይ ጠመጠመች። ይታያል በቀስታ፣ «ከሥር» አላት። ከላይ አደረገችው። «ከሥር እኮ ነው።» የክሩ ዓይኖች አንድ ላይ ከሽቦው ተንሸራተው ወደቁ። ሂዊ ላብ ላብ እያላት እንደገና ጀመረች። የኔአለም አንገቷን አስግጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተላለች። የሂዊን ስሕተት ሳይቀር በእጇ ልትደግም ትሞክራለች፤ የእሷም ክር ይፈታል። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ሽቦዎቹን ከክሩ ጋር ሰብስባ ለሂዊ ዘረጋችላት።

«ተይው በቃ፣ አትድከሚ እታለም። እኔ ነኝ የማይገባኝ። ማጭድ የለመደ እጅ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከጋቢው ሥር ከልጆቿ አንደኛው ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ እጇን ሰድዳ ባዶ ራሱን በመዳፏ ሸፈነችው።

ሂዊ ሽቦዎቹን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ወደ ይታያል ግን ዞር ብላ አላየችም።

ይታያል አንዴ ወደ ምስጋናው ተመለከተ። ከዚያ ጄሶውን በሁለት እጁ አንሥቶ አዞረው።

«ሂዊ፣ ቦታ እንቀያየር።»

ሂዊ ወዲያው ተነሣች። እሱ ወደ የኔአለም ተጠጋና የዘረጋቻቸውን ሽቦዎች መልሶ እጇ ውስጥ አደረጋቸው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። «እሷ አትችልም። ኮፍያውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

የኔአለም ጄሶውን አየች፣ ጣቶቹን አየች። «አንተ?»

«እኔ። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ይፈታብኝ ነበር። ክሩን ላላ አድርገሽ ያዢው። እንደሱ። አሁን ጫፉን ከሥር አስገቢ።»

ይታያል ጆሮው ቢግልም ቀና አላለም።

«እስቃለሁ ብለህ ነው የደበቅኸኝ?» አለ ምስጋናው ከግድግዳው ጋ።

«አዎ።»

ምስጋናው ክራንቾቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እስቅ ነበር» አለ። ከዚያ ክራንቾቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎም የኔአለምን እጅ ያይ ጀመር።

የኔአለም ክሩን በሽቦው ጫፍ ከሥር ይዛ፣ ስባ፣ አንዲት ዓይን አወጣች። አልወደቀችም። ትንፋሿን እንደያዘች ይታያልን አየችው። እሱ ሽቦውን ከእጇ አልወሰደም።

«አሁን ደግሞ ቀጣይዋን» አላት።