ብርቱካንማ እጆች

«ማን አገባ?» አለች ፊልሰን፣ የክፍል ጓደኛዋን የናዒማን እጅ ከዩኒፎርሟ ኪስ ጎትታ አውጥታ።

እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ብርቱካንማ ነበር። ናዒማ ጠዋት በሳሙና ፈትጋዋለች፣ በአመድ ፈትጋዋለች፣ በመጨረሻ የተረከዝ ድንጋይ ሞክራለች። የለቀቀው ቆዳዋ እንጂ ቀለሙ አልነበረም።

«የአጎቴ ልጅ» አለች። «ሂና ነው።»

«እስከ ክርን?»

«ትልቅ ሰርግ ነበር።»

«ወላሂ አልምርሽም! እኔን ሳትጠሪኝ?»

ናዒማ እጇን መልሳ ኪሷ ከተተች። ሰርግም ሂናም አልነበረም። የጨርቅ ቀለም ነው፤ ጥፋቱም የአክስቷ የጀዋሪያ ነው።

ጀዋሪያ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ዘንድሮ ደግሞ ለሰፈራቸው ለባልባላ ምክር ቤት ተወዳዳሪ ሆናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጅቡቲ ብትኖርም ሶማሊኛዋ እስካሁን ድሬዳዋ ድሬዳዋ ይላል፤ ቤተሰቡ ውስጥ ከእሷ በፊት ለምንም ነገር የተወዳደረ ሰው የለም። በምርጫው እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ቀለም አለው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቀለሙን አይቶ ይመርጣል። ጀዋሪያ ግን ቀለም ከመታደሉ በፊት፣ በደስታዋ ብዛት፣ አንድ ክምር ቢጫ ሻሽ ገዝታ ቤት አስገባች።

«ርካሽ ነበራ!» አለች ሲቆጧት። «ነጋዴ ርካሽ አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል?»

ቢጫው ለተፎካካሪዎቿ ደረሰ። ለእሷ ብርቱካንማ።

ቤቱ ሁሉ ራሱን ሲይዝ ጀዋሪያ ግቢው መሃል በርሜል አቆመች፣ ቀይ ቀለም በጠበጠች፣ ናዒማን ጠራች። «አቦ ናዒማ፣ አንቺ የተማርሽው! ቀይና ቢጫ ሲቀላቀል ምን ይሆናል?»

«ብርቱካንማ።»

«እጅጌሽን ሰብስቢያ!»

የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ውሃ በቀላሉ የማይገኝበት ሰፈር ስለሆነ ጀዋሪያ የቀለሙን ውሃ ጠብታ እንኳ አላስደፋችም፤ በዚያው ውሃ ደጋግመው ነከሩበት። የመጀመሪያዎቹ ሻሾች ዱባ መሰሉ፣ የመጨረሻዎቹ ገና መብሰል የጀመረ ፓፓያ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ፣ እየተረጫጩ፣ አመሻሹ ላይ ሲበተኑ ሁሉም እስከ ክርናቸው አንድ ዓይነት ነበሩ።

ናዒማም ስትስቅ ነው የዋለችው። ትምህርት ቤት ትዝ እስኪላት ድረስ።

ባለፈው ሳምንት ፊልሰን ዴስክ ላይ ወጥታ፣ ሹራቧን እንደ ሻሽ ጠምጥማ፣ «ሐበሻዋን ተወዳዳሪ» አስመስላ ተናግራ ነበር። ጀዋሪያ ስሜት ውስጥ ስትገባ ሶማሊኛው መሃል በአማርኛ «እንዴ!» ትላለች። ፊልሰን ያቺን «እንዴ!» እንዲያው ቁርጥ አድርጋ አወጣቻት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ናዒማም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እናንተ ሰፈር አይደለች የምትኖረው?» አለቻት ፊልሰን ስትወርድ።

«በመልክ አውቃታለሁ» አለች ናዒማ።

የዚያን ቀን ማታ አክስቷን፣ «ትምህርት ቤታችን አካባቢ ስትመጪ ስሜን እንዳትጠሪ፣ እሺ?» አለቻት። ጀዋሪያ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ትንሽ አየቻትና፣ «እሺ፣ አልጠራሽም» አለች።

ከትምህርት ሲወጡ ሚኒባስ መጠበቂያው ጋ ሙዚቃ ነበር።

«መጣችልን!» ፊልሰን የናዒማን ክንድ ይዛ ሮጠች። «ነይ፣ ነይ፣ እንዳያመልጠን!»

ፊልሰን አይታው የማታውቀው የናዒማ ወንድም ሙሰዲቅ በሚነዳው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ መሪው ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሻሻቸውን አስረው፣ ዱባና ፓፓያ መስለው፣ እያጨበጨቡ ይጨፍራሉ። መንገደኛው ቆሟል፤ ከወደብ የሚመለሱ ሠራተኞችም ከሚኒባስ ወርደው ከበዋል። ፊልሰን የሚያጨበጭቡትን እጆች አየች። አንድ በአንድ እስከ ክርናቸው አየቻቸው።

«እነሱም ሰርጉ ላይ ነበሩ?» አለች።

ናዒማ ወደ ሚኒባሱ ዞረች። እጆቿ ኪሷ ውስጥ ናቸው።

ጀዋሪያ በርጩማ ላይ ወጥታ ማይኩን ያዘች። «ስለ ወደቡ ሌላ ሰው ይንገራችሁ» አለች በዚያ ሶማሊኛዋ። «እኔ የመጣሁት ስለ በር ነው።»

ፊልሰን ከንፈሯን አሹላ ማስመሰል ጀመረች።

«እዚህ ትምህርት ቤት ሴት ልጆቻችን ሽንት ቤት የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። በር የለውማ! አንዷ ስትገባ ሌላዋ ጀርባዋን ሰጥታ በር ሆና ትቆማለች። ሰው እንዳይመጣ ደግሞ ጮክ ብላ ትዘፍናለች። እንዴ! ልጅ በር ትሆናለች?»

«እንዴ!» አሉ ሴቶቹ።

«እንዴ!» አለ አንድ ሠራተኛ ከኋላ፣ ቃሉ ጥሞት። ከዚያ መንገዱ በሙሉ «እንዴ! እንዴ!» እያለ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሙሰዲቅ በጡሩምባው ተቀበላቸው።

ፊልሰን ግን ማስመሰሏን ተወች። «የምዘፍነው እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለአንቺ። ማን ነገራት?»

«እስቲ» አለች ጀዋሪያ ከላይ፣ «እዚህ መሃል በር ሆና የምታውቅ ልጅ ካለች እጇን ታውጣ!»

አንዲትም አላወጣችም። ዩኒፎርም የለበሱት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንገታቸውን ደፉ። የጀዋሪያ ዓይን ሰዉን ዞረ፣ ናዒማ ላይ ደረሰ፣ አለፋት። እንደማያውቃት ሰው አለፋት። ስሟን ላለመጥራት የገባችውን ቃል እየጠበቀች ነበር።

ናዒማ ወደ ፊልሰን ተጠጋች።

«አክስቴ ናት» አለች።

ፊልሰን ዞረች። «ማን?»

«ጀዋሪያ። እኔ ነኝ የነገርኳት። ሰርግም አልነበረም፣ ሻሽ ስንነክር ነው።»

ፊልሰን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እኔ ሳስመስላት እኮ… አንቺም ስቀሻል።»

«አዎ» አለች ናዒማ። «ስቄያለሁ።»

ከዚያ እጇን ከኪሷ አውጥታ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ወደ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ሁሉ ሰው ራስ በላይ ብርቱካንማ ሆኖ ታየ። ጀዋሪያ ማይኩን ረስታ፣ «ናዒማዬ!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከወዲያ ማዶ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ከጎኗ ሌላ ልጅ።

ፊልሰን የራሷን እጅ ገልብጣ፣ መዳፏን አየችው።

«ያ ቀለም» አለች፣ «አልቋል?»

«በርሜሉ ውስጥ ትንሽ አለ።»

«እንዴ!» አለች ፊልሰን፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»