ከቧንቧው ጋ ሆኖ የሚታየው

«የምስራች ናት የወሰደችው። በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ማሪቱ ይህን ስትናገር ድምጿ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረበት፤ ለራሷም ተሰማት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ዩኒት ሊደር አቶ መሳፍንት ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ከየት ስትወጣ?» አሏት።

«ከፊዚክስ ዲፓርትመንት። ሰኞ፣ አምስተኛው ፔሬድ ላይ። ሹራቧ ውስጥ የሆነ ነገር ሸጉጣ ትሮጥ ነበር።»

የፊዚክስ ሚድ ፈተና ከመምህሩ መሳቢያ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አቶ መሳፍንት እያንዳንዷን ቃል ጻፉና ወረቀቱን አዙረው ሰጧት። ፈረመች።

«ጎበዝ። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ትደግሚዋለሽ። ከተረጋገጠባት እንግዲህ የዘንድሮ ትምህርቷ አበቃ።»

ማሪቱ ከቢሮው ስትወጣ የመጨረሻዋ ቃል አብራት ወጣች። አበቃ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ይህን ያህል ይከብዳል ብላ አላሰበችም ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት እሷና የምስራች ናቸው። ባለፈው ወር ግን ማሪቱ አባቷ ዳንግላ ሌላ ትዳር መመሥረቱን ለየምስራች ብቻ በሹክሹክታ ነገረቻት፤ ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ ሁሉ አወቀው። ማን እንዳወራ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቦርሳዋን አንሥታ ኋላ ወንበር ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ከሰዓት በኋላ የፍልስፍና ክበብ ነበር። ክበቡን ያቋቋመው ዘንድሮ የመጣው ቲቸር ፀጋው ሲሆን፣ አባላቱ ዘጠኝ ናቸው። የእንጅባራ ጉም እስከ ግቢው አጥር ወርዶ ነበር። ቲቸር አራት ልጆች መረጠና በቤተ መጻሕፍቱ አራት ጎን አቁሞ የሚያዩትን ብቻ እንዲጽፉ አዘዛቸው። ለማሪቱ የደረሳት ጓሮው ነበር።

ሲመለሱ አነበቡ። ማሪቱ «መስኮት የለውም። ግድግዳው ተሰንጥቋል። የተሰባበረ ዴስክ ተከምሮበታል» ብላ ነበር። ከፊት ለፊት የቆመው እንዳልካቸው ሳቀባት።

«ኧረ ባክሽ! ስድስት መስኮት አለው። ቀለሙም አዲስ ነው።»

«ማን ዋሸ?» አለ ቲቸር ፀጋው።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልሱን ራሱ ሰጣቸው።

«ማንም አልዋሸም። ሁለቱም ግን ቤተ መጻሕፍቱን አልነገሩንም፤ የነገሩን ጎን ጎኑን ነው። ፍልስፍና ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላችኋል። አንዱ ሥራው ግን ይሄ ነው፤ ‹ይህን ያወቅሁት እንዴት ነው? ከቆምሁበት የማይታየኝስ ምንድን ነው?› ብሎ ራስን መጠየቅ።»

ማሪቱ እጇን አወጣች። «ዞሮ ማየት ካልተቻለስ ቲቸር?»

«ያን ጊዜ የቆምሽበትን ትናገሪያለሽ።»

ሌሎቹ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ማሪቱ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሰኞ ወደቆመችበት ቦታ፣ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሰኞ እዚያ የነበረችው ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብላ አስፈቅዳ ነው። እውነቱ ግን ስልኳን ልታይ ነበር። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አዲስ ቅዳም ያሉት እናቷም ስልኩን የገዙላት ከኪራይ ቤቷ እንዳታወጣው አስምለው ነው።

ቀና ብላ አየች። ከፊቷ የጽድ አጥር አለ። ከአጥሩ በላይ የሚታየው ጣሪያ፣ ከአጥሩ ጫፍ የሚታየው ደግሞ የኮሪደሩ መጨረሻ ብቻ ነው። የፊዚክስ ዲፓርትመንት በር አይታይም። ወደ ግራ ተጠጋች፤ ተንጠራራች። የለም። አጥሩን ዞረች። ኮሪደሩ ላይ ሦስት በሮች ተደርድረዋል፤ አንደኛው የፊዚክስ ዲፓርትመንት፣ ሁለተኛው ዕቃ ቤት፣ ሦስተኛው የሴቶች ክበብ ክፍል።

ያየችው የምስራች ከኮሪደሩ ጫፍ ስትሮጥ ነው። በሩን የጨመረችው ራሷ ናት።

«ቢሆንስ?» አለች ለራሷ። «ከሦስቱ አንዱ የፊዚክስ አይደል?»

ቢሆንም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የየምስራች የኪራይ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ቦት ጫማቸው በጭቃ የተለወሰ ሰው ተቀምጠዋል። በአዊኛ ሰላም አሏት፤ በአዊኛ ስትመልስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። የየምስራች አባት ጋሽ ይኸነው ናቸው። ወላጅ አምጪ ተብላ ከገጠር መምጣታቸው ነው።

«ጓደኛዋ ነሽ?»

ማሪቱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እንኳን መጣሽ ልጄ። ይቺ ልጅ አፏን ዘጋችብኝ። ‹ሰርቀሻል ወይ?› ስላት ‹አልሰረቅሁም› ትላለች። ‹ምን ይዘሽ ነበር ታዲያ?› ስላት ዝም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አይታ የፈረመች ልጅ አለች ይሉኛል።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ። ፊርማዋን ያኖረችን ልጅ ዋሽተሻል ልላት ነው? ያላየችውንማ አየሁ ብላ አትፈርምም።»

ማሪቱ ልትሄድ ስትል የምስራች ውኃ የሞላ ጄሪካን ይዛ ከች አለች። ማሪቱን ስታይ ጄሪካኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ለአባቷ ምንም አልነገረቻቸውም። «ነይ ወዲህ» ብላ ከግቢው ውጭ ወሰደቻት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሰኞ… ምን ነበር የያዝሽው?»

«ፈርመሽ ካበቃሽ በኋላ ነው የምትጠይቂኝ?»

የምስራች ወደ አባቷ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሞዴስ። ክፍል ውስጥ እያለሁ ድንገት መጣብኝ። ከሴቶች ክበብ ወሰድሁ። ቀሚሴን ስለነካው ነው የሮጥሁት። በቃ። አምስት ወንድ በተቀመጠበት፣ አባቴ ፊት ይሄን ልናገር?»

«ሌላ ያየሽ ሰው የለም?»

«ካንቺ በቀር ማን አየኝ?»

«እኔ በሩን አላየሁትም» አለች ማሪቱ። ቃሉ ሳታስበው አመለጣት።

የምስራች ትክ ብላ አየቻት። «የአባትሽንም ነገር ያወራሁት እኔ ነኝ አይደል? እሱንስ አይተሻል?» መልስ ሳትጠብቅ ጀርባዋን ሰጠቻት። «የነገርሁሽን ኮሚቴው ፊት እንዳታነሺ። እሱን ከምትናገሪው ብባረር ይሻለኛል።»

ዓርብ ጠዋት ማሪቱ ነገሩን ስትመዝን ነበር። የምስራች እውነቷን ይሁን አይሁን የምታጣራበት መንገድ የላትም። በሩን አላየሁም ካለች ደግሞ የት እንደቆመች ይጠይቋታል፤ ከዚያ ስልኩ፣ ከዚያ እናቷ። እንደፈረመችው ደግማ ብትወጣ ግን እሷን ማንም ምንም አይላትም።

ኮሚቴው ውስጥ አምስት መምህራን ተቀምጠዋል። የምስራች ቆማለች፤ ጋሽ ይኸነው ግድግዳውን ተጠግተው ተቀምጠዋል። አቶ መሳፍንት ወረቀቱን አነበቡ።

«ቃልሽ ይሄ ነው?»

«ፊርማው የኔ ነው» አለች ማሪቱ። «ሹራቧ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ። ከየትኛው በር እንደወጣች ግን አላየሁም።»

«‹በዓይኔ አይቻታለሁ› ብለሽኝ የለም እንዴ?»

«ብያለሁ። ከቆምሁበት ግን በሩ አይታይም። ቧንቧው ጋ ነበርሁ። ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።»

«በትምህርት ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

የምትፈራው ጥያቄ መጣ። «ስልክ እያየሁ ነበር።»

አቶ መሳፍንት መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ የፊዚክስ ዲፓርትመንትን ከየት አመጣሽው?»

ማሪቱ የምስራችን ላለማየት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። «ተጣልተን ነበር። እሷ እንድትሆን ስለፈለግሁ ይመስለኛል።»

ጋሽ ይኸነው ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። የፈረመችው ልጅ ማን እንደሆነች አሁን ገባቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

መምህራኑ ወጥተው ቧንቧው ጋ ቆመው ተመለሱ። የፈተናው ጉዳይ እንደገና እንዲጣራ፣ የምስራችም እስከዚያው ትምህርቷን እንድትቀጥል ተወሰነ። ማሪቱ ሰኞ ወላጅ ይዛ እንድትመጣ ደብዳቤ ተሰጣት። ኮሪደሩ ላይ የምስራች በአጠገቧ አለፈች፤ አላናገረቻትም። አባቷ ግን ማሪቱ ፊት ሲደርሱ አንድ አፍታ ቆም ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ልጃቸውን ተከተሉ።

እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አላት። አጎቷን ለምና እንደ ወላጅ ብታቀርበው እናቷ ሳይሰሙ ሊያልፍ ይችላል። መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። የሚኒባስ ረዳት «አዲስ ቅዳም! ዳንግላ! አንድ ሰው!» ብሎ ሲጣራ ገብታ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ለእናቷ የምትነግራቸውን ስታዘጋጅ ሄደች። መጀመሪያ ያሰናዳችው አጭር ነበር፤ ስልክ ይዤ ተያዝሁ የሚል። አዲስ ቅዳም ከመድረሷ በፊት ያንን ተወችው።

እናቷ ወይዘሮ ሸጋ በሩ ላይ ሲያዩዋት ደነገጡ። «ምን ሆንሽ? በትምህርት ቀን ምን አመጣሽ?»

«ደህና ነኝ እማ» አለች ማሪቱ። ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አላወጣችውም፤ እሱ የመጨረሻው ክፍል ነው። በርጩማውን ስባ ለእናቷ አቀረበችላቸው። «ቁጭ በይ። ከሰኞ ነው የምጀምርልሽ። ትንሽ ይረዝማል።»