የኒና አስተርጓሚ

ሉሊት የሞተችውን ተዋናይ ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፊልን ስትባል እምቢ የምትልበት ምክንያት አላገኘችም። ናይሮቢ ውስጥ ሩስኪ አንብቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለም። ፓርክላንድስ ያለ አንድ የፊልም ማኅበር ኒና ቬትሉጊናን ለማሰብ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ፊልሟን ሊያሳይ ነው፤ ለተመልካቹ የሚታደል ወረቀት ፈልጓል።

ሁርሊንግሃም ባለው ቢሮዋ፣ በምሳ ሰዓት፣ ታይፕራይተሩን አስጠግታ ጻፈች። ኒና የተወለደችው ቮልጋ ወንዝ ዳር ነው። አባቷ የጭነት ጀልባ ሠራተኛ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቲያትር ቤት የገባችው ልትተውን አልነበረም፤ ከመድረኩ ሥር ባለች ጉድጓድ ተቀምጣ ተዋናዮቹ የረሱትን ቃል በሹክሹክታ ታቀብላቸው ነበር። አንድ ቀን ዋናዋ ተዋናይ ታመመች። ድርሰቱን በሙሉ በቃሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና ኒናን ከጉድጓዱ አወጧት።

ከዚያ ሞስኮ፣ ከዚያም አሥራ አንድ ፊልም። ባሏ አብራሪ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ ቀረ። በአንድ ደራሲ ላይ የተጻፈ የክስ ወረቀት ፈርሚ ብትባል ሳትፈርም ቀረች፤ ዘጠኝ ዓመት ካሜራ ፊት አልቆመችም። ስትመለስ ጸጉሯ ሸብቶ ነበር። የእናቶችን ሚና ሰጧት፤ ተቀበለች።

ሉሊት ይህን ለመጻፍ መጽሐፍ አልገለጠችም። ሞስኮ ተምራ አዲስ አበባ ስትመለስ ሥራዋ ይኸው ነበር። የሩስኪ ፊልም በሚታይበት አዳራሽ ከኋላ፣ ከማሳያው መኪና አጠገብ ማይክራፎን ይዛ ትቀመጣለች። መጀመሪያ የተዋናይዋን ታሪክ ታነባለች። ፊልሙ ሲጀምር የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኑንም ቃል እሷው በአማርኛ ትናገራለች። ተመልካቹ ዞር ብሎ አያያትም። የኒና ድምፅ የእሷ ድምፅ ነበር።

ፍሥሐ ያወቃት በዚያ ድምፅ ነው። የዛሬ ዓመት ተኩል የስደተኞች ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ፣ ገና በሞያሌ በኩል ለገባች ሴት ስታስተረጉም፣ ተራውን የሚጠብቅ ቀጭን ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ።

«ይቅርታ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ» አላት።

«ከየት?»

«ፊትዎን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማውቅዎት።»

ከዚያ ወዲህ በአንድ አየር መንገድ የጭነት ክፍል ሥራ አገኘ። እሑድ እሑድ ይመጣል። «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» ለማለት አራት ወር ፈጀበት። አብረው ይሄዳሉ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። አንድ ቀን እንዲህ አላት፦ «ከያቤሎ ወዲህ በእግሬ ስመጣ ያቺን የፊልሙን የመጨረሻ ቃል እየደጋገምኩ ነው የተራመድኩት።»

ሉሊት የትኛዋን ቃል ብላ አልጠየቀችውም። ታውቃለች።

ባሏን ይገዙን የወሰዱት በ1970 ጥቅምት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ስንቅ እየያዘች ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ተከተለችው። በሦስተኛው ሳምንት ስንቁን መለሱላት። «እዚህ የለም» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። በማግስቱ ሥራ ገባች። የሚታየው የኒና ፊልም ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት ኒና በየቀኑ ወደ ባቡር ጣቢያ እየሄደች ባሏን ትጠብቃለች፤ ሽማግሌው የጣቢያ ዘበኛ «ይመጣል ብለሽ ነው?» ይላታል። ኒና ረጅም ጊዜ ዝም ትልና በሩስኪ «አይመጣም» ትላለች።

ሉሊት ማይክራፎኑን ይዛ «ይመጣል» አለች።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። ያረማት አልነበረም። ይገዙንም ሞተ ያላት የለም። አስከሬን አላየች፣ መርዶ አልተነገራት፣ ለቅሶ አልተቀመጠች። ጥቁር ልልበስ ብትል ማን ሞቶብሽ ይሏታል። ሰባት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ፣ ኪሊማኒ ሰፈር አብራት የምትኖረው ነርስ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ መጥቶብሻል።»

ሳሎኑ ውስጥ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱት ጋሽ ኑሬ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ፍሥሐ አባቱም አጎቱም እዚህ የሉም» አሉ። «‹ጋሽ ኑሬ፣ እርስዎ ይሁኑልኝ› አለኝ። እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ለናይሮቢ ይበቃል ብዬ መጣሁ።»

«ሽማግሌ ሦስት ነው ጋሼ» አለች ማንጠግቦሽ። «ሁለቱስ?»

«ማታቱ ታክሲ አጥተው ቀሩ በያቸው።»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ሽማግሌው ግን ወደ ሉሊት ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባል አለሽ ወይስ የለሽም? አልመልስም ብትይኝ አልቀየምም። ልጁ ግን ሉሳካ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ሰኞ መልስ ይጠብቁታል። እሺ ካልሽው ይቀራል፣ ካላልሽው ይሄዳል።»

ሉሊት ሻይዋን አየች። «እስከ ቅዳሜ ይስጡኝ» አለች።

ሲወጡ ማንጠግቦሽ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች «ይወድሻል» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ?»

ሉሊት አሰበች። ጥርስ ሐኪም የማደንዘዣ መርፌ ሲወጋት መንጋጋዋ የሌላ ሰው እንደሚመስላት፣ ሁለመናዋ እንዲሁ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ።

«እኔ እንጃ። የሚያመኝ ነገር የለም።»

«በሽታው እሱ ነው» አለች ነርሷ።

ያን ሌሊት ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቅዳሜው ፊልም ያው የባቡር ጣቢያው ነው፤ ከሥሩም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ፍሥሐም ይመጣል። ያን ሁሉ መንገድ ያሻገረችው ቃል ውሸት መሆኗን በዓይኑ ያነባል።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የማይሞላ ሰው ነበር፤ ጥቂት ያረጁ ሕንዶችና ተማሪዎች። ፍሥሐ ግራጫ ኮት ለብሶ ቦታ ይዞላታል። የጻፈችውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እንግሊዝኛውን አላየውም» አላት። «በጆሮዬ ንገሪኝ፣ እንደ ድሮው። መነጽሬን ረስቻለሁ።»

«መነጽር አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

መብራቱ ጠፋ። ሉሊት ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ የወንዱንም የሴቷንም ቃል በሹክሹክታ ታቀብለው ጀመር። እሱ እውነትም ወደ ሸራው አያይም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ያያል። ቀላል ነበር። እንደገና ብትዋሸው የሚያውቅባት የለም።

ባቡር ጣቢያው መጣ። ሽማግሌው ዘበኛ ጠየቀ። ኒና ዝም አለች፤ ሉሊትም አብራት ዝም አለች። የኒና ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከሥር ወጣ፣ ጠፋም። ፍሥሐ አልዞረም። ጠበቀ።

«አይመጣም» አለች ሉሊት።

ድምፅዋን ሰማችው። ከሌላ ሰው አፍ የወጣ አይመስልም ነበር። በሸራው ላይ ኒና ዘንቢሏን አነሣችና ሽማግሌው ፋኖሱን እንዲያወርድ አገዘችው። ከዚያ መብራት በራ፤ ሰው መውጣት ጀመረ። ሁለቱ ተቀምጠው ቀሩ።

«ያን ጊዜ ዋሽቼህ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ዞር ብላ አየችው።

«ካሣሁን የሚባል ጓደኛዬ ሩስኪ ያውቅ ነበር» አለ ፍሥሐ። «ያን ቀን ስንወጣ ‹ሴትዮዋ ገለበጠችው› አለኝ። ካሣሁንን በወሩ ወሰዱት።»

«ታዲያ ከያቤሎ ወዲህ...»

«ከያቤሎ ወዲህ የያዝኩት የኒናን ቃል አልነበረም። ያንቺን ነው። ‹አይመጣም› አልልም ያለ አንድ ሰው እዚያ ጨለማ ውስጥ እንደነበረ ነው የያዝኩት።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«መናገሩ ያንቺ ነዋ።»

መንጋጋዋ ሥር የሆነ ነገር መመለስ ጀመረ። ያማል። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እስኪያልፍላት ጠበቀች፤ አላለፈም። ፍሥሐ አልነካትም፤ አልተነሣምም።

«የሉሳካዎቹን ሰኞ እምቢ በላቸው» አለች በመጨረሻ።

«ጋሽ ኑሬን ታዲያ...»

«ይቆዩ። መጀመሪያ ለይገዙ ለቅሶ እቀመጣለሁ። ሦስት ቀን። ማንጠግቦሽ ለሰው ትንገርልኝ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ኑሬ ይምጡ፤ ሁለቱንም ሽማግሌ ይዘው።»

ፍሥሐ ቤቷን በሐሳቡ የሚቃኝ ይመስል ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ።

«እቤታችሁ ያለው አራት ወንበር ነው» አለ። «ለለቅሶው የጎደለውን እኔ አመጣለሁ።»